ሞተር ሳይክል ሲወድቅ ቤንዚን የሚፈስበት ምክንያት

የሞተር ሳይክል አደጋ ሲባል የሁላችንም አሳብ የሚሄደው በአስፋልት ላይ በታላቅ ፍጥነት ወደሚደርሰው ግጭት ነው። እኔ ግን የምጽፍላችሁ ስለ ትንሹ አደጋ ነው፤ ይኸውም ሞተር ሳይክሉ ቆሞ ሳለ ወይም የሰው እርምጃ ያህል ቀስ ብሎ ሲሄድ በጎኑ ጋደም ስለሚልበት ነው። ይህን የመሰለውን መውደቅ ብዙ ሰው ከአደጋ አይቈጥረውም። ነጂው ይነሣል፥ ልብሱን ያራግፋል፥ ያየኝ ሰው አለን ብሎ ዞር ዞር ይላል፥ ከዚያም አስነሥቶ ይሄዳል። እኔም እንደዚሁ አስብ ነበር።

ነገሩ የደረሰው ባለፈው ክረምት በኛው ግቢ ነው። አጎቴ በግብርና ሥራ ላይ ያለ ሰው ሲሆን በየገጠሩ ቀበሌ የሚዞርበት ባለ 150 ሲ.ሲ. ሞተር ሳይክል አለው። አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ ቡና ሊጠጣ ወደ ቤታችን ሲመጣ፥ ከበሩ እንደ ገባ መሪውን ወደ ግራ አዙሮ ሳለ የፊቱን ፍሬን ያዘ። ምድሩ ጭቃ ነበረ። ግራ እግሩን ቢዘረጋም አዳለጠውና ሞተር ሳይክሉ በግራ ጎኑ ተጋደመ። ከዚያ ስምንት እርምጃ በማይሞላ ስፍራ እናቴ በረንዳው ላይ ፈርኔሎ አቀጣጥላ ቡና ትቈላ ነበር።

እኛ ልጆቹ ወደ አጎቴ ሮጥን። እናቴ ግን ወደ እርሱ አልሮጠችም። የቤንዚኑ ሽታ እንደ ደረሳት ብረት ምጣዱን አውርዳ፥ ፈርኔሎውን በጨርቅ ይዛ አንሥታ ወደ ጓሮ ሄደች። አጎቴም በኋላ፥ «እትዬ፥ እኔ ወድቄ ሳለሁ ለከሰልሽ አዘንሽ?» እያለ ቀለደባት። እርሷም፥ «አንተ ትነሣለህ፤ ቤቱ ከተቃጠለ ግን ማን ያነሣዋል?» አለችው። በዚያ ቀን ከሁላችን ይልቅ ትክክለኛውን ሥራ የሠራችው እርሷ ስለ መሆኗ ወደ ኋላ በቍጥር አስረዳለሁ።

በመጀመሪያ ግን፥ ሞተር ሳይክል በፍጥነት ሲሄድ ሳይወድቅ ቀስ ሲል የሚወድቀው ለምንድን ነው? መንኰራኵሮቹ በፍጥነት ሲሄዱ ነጂው ጥቂት በጥቂት መሪውን እያወዛወዘ ሚዛኑን ይጠብቃል፤ ሞተር ሳይክሉ ራሱም በዚህ ይረዳዋል። በእግር እርምጃ ፍጥነት ግን ይህ እርዳታ እጅግ ይደክማል፤ የቀረው ደጋፊ የነጂው እግር ብቻ ነው። አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ሞተር ሳይክሉ 120 ኪሎ ቢመዝን፥ የክብደቱም ማዕከል ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቢገኝ፥ 10 ዲግሪ ብቻ ሲያዘነብል በመሪው ላይ (መሪው ከመሬት 1 ሜትር ነው እንበል) የ10 ኪሎ ያህል ኀይል ይበቃዋል። ይህን ማንም ሰው ይችላል። ወደ 30 ዲግሪ ሲደርስ ግን የሚያስፈልገው 30 ኪሎ ያህል ነው። ስለዚህ ነጂው «ያዝሁት» ሲል ሳለ ድንገት ከእጁ ይወጣል። የተወለወለው ጋን በቤንዚን የተሞላ ከሆነ ደግሞ ክብደቱ ወደ ላይ ስለሚወጣ ነገሩ ይብሳል። የፊቱን ፍሬን መሪው ተጣሞ ሳለ መያዝ ከሁሉ የከፋ ነው፤ አጎቴም ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን ቡናው ሸተተው።

ወደ ቤንዚኑ እንመለስ። በሠፈራችን አፍ መላው ሞተር ሳይክልም «ሞተር» ይባላል፤ ውስጡ ያለውም «ሞተር» ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ግን ሞተር ስል ውስጡ ያለውን ብቻ ማለቴ ነው።

ቤንዚኑ የሚቀመጠው ከነጂው ፊት በሚገኘው ጋን ውስጥ ነው፤ በጋራዥ አፍ ሰልባትዮ ይሉታል። ከዚያ በመዝጊያው በኩል አልፎ በጎማ ቱቦ ወደ ካርቡሬተሩ ይወርዳል። ብዙዎቹ ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ፓምፕ የላቸውም፤ ቤንዚኑ የሚወርደው በገዛ ክብደቱ ነው። በካርቡሬተሩ ታችኛ ክፍል ከቡና ሲኒ ብዙ የማይበልጥ አንዲት ገንዳ አለች። በገንዳዋ ውስጥ ተንሳፋፊ ነገር አለ፤ በተንሳፋፊውም ላይ አንዲት ሹል መርፌ ታርፋለች። ቤንዚን በገባ ቍጥር ተንሳፋፊው ከፍ ይላል፤ ከፍ ሲልም መርፌዋን ገፍቶ የመግቢያውን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ሞተሩ ቤንዚኑን ሲጠጣ ተንሳፋፊው ዝቅ ይላል፤ ቀዳዳውም ይከፈታል። በመጸዳጃ ቤት የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለውን ተንሳፋፊ ኳስ ያየ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል። በፊዚክስ ክፍል ስለ አርኪሜዴስ የተማርነው ሕግ በየቀኑ በመንገዱ ላይ ሲሠራ የሚታየው በዚህ ነው። ይህን ተንሳፋፊ ያለውን የሚረጭ ካርቡሬተር የሠራው ጀርመናዊው ቪልሄልም ማይባኽ ሲሆን ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1893 ነበረ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ተንሳፋፊው የሚሠራው ወደ ላይና ወደ ታች ነው። ሞተር ሳይክሉ በጎኑ ሲተኛ የተንሳፋፊው «ላይ» የመሬት «ጎን» ይሆናል። መርፌዋን የሚገፋ ነገር ስለሌለ ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ቤንዚኑም ከጋኑ እየወረደ ገንዳዋን አልፎ በትርፍ መውጫው ቱቦና በአየር መሳቢያዎቹ በኩል ይፈሳል። ይህ ብልሽት አይደለም። ካርቡሬተሩም አልተሰበረም። ከተነሣ በኋላ መርፌዋ ወደ ቦታዋ ከተመለሰች መፍሰሱ ይቆማል። ሁለተኛው መፍሰሻ የጋኑ ክዳን ነው። ቤንዚን ከወጣ በምትኩ አየር መግባት ስላለበት ክዳኑ ትንሽ መተንፈሻ አለው፤ ጀሪካን በአንድ ቀዳዳ ብቻ ሲቀዳ እንዴት እየተንዶቀዶቀ እንደሚያስቸግር ሁላችንም አይተናል። ጋኑ ሙሉ ከሆነ ተኝቶ ሳለ በዚያ መተንፈሻና ባረጀ የክዳን ጎሚኒ በኩል ይንጠባጠባል። ይህም ሲነሣ ይቆማል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ተግባር ቍልፉን መዝጋትና ማንሣት ነው። መዝጊያውንም ወዲያው መዝጋት ይገባል፤ ነገር ግን በአጎቴ ሞተር ሳይክል መዝጊያው ያለው በግራ በኩል ስለ ሆነ ከሥር ተጭኖ እጅ አልደረሰበትም። እንዲህ ሲሆን ማንሣት ይቀድማል።

አሁን የእናቴን ጉዳይ ላቅርብ። በየቤታችን ነጭ ጋዝ የለመድን ሰዎች በቤንዚን እንሳሳታለን። ነጭ ጋዝ በቀላሉ የሚቀጣጠል ተን የሚሰጠው ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ነው። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚሆን ብርድ እንኳ ይህን ተን ይሰጣል፤ በሌላ አነጋገር በአገራችን የትም ቦታ ቢፈስ ወዲያው ለእሳት ዝግጁ ነው ማለት ነው። ተኑ ከአየር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ሰማይ አይወጣም፤ እንደ ውኃ በመሬት ላይ ተስቦ ዝቅ ወዳለው ይሄዳል፤ ፈርኔሎም የሚቀመጠው በመሬት ላይ ነው።

መጠኑን ደግሞ እንይ። አንድ የቡና ሲኒ 70 ሚሊ ሊትር ይይዛል ብንል፥ ያን ያህል ቤንዚን 52 ግራም ያህል ይመዝናል። የቤንዚን አማካይ የሞለኪዩል ክብደት ወደ 100 ስለሚጠጋ ይህ ግማሽ ሞል ያህል ነው፤ ሲተን 12 ሊትር ያህል ተን ይሆናል። የቤንዚን ተን ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ለመቀጣጠል ከመቶ 1.4 እጅ ያህል ብቻ ይበቃዋል። 12 ሊትሩን ለ0.014 ብናካፍል ከ850 ሊትር በላይ ይሆናል። ስለዚህ አንዲት ሲኒ ቤንዚን አንድ ሜትር ኩብ የሚጠጋ አየር ወደ ተቀጣጣይ ነገር ልትለውጥ ትችላለች። በኛ ግቢ የፈሰሰው ከአንድ ሲኒ ይበልጥ ነበር። ይህን ሒሳብ ሠርቼ ለእናቴ ባነብላት፥ «ሽታው ይበቃኝ ነበር» አለችኝ።

በነገራችን ላይ፥ የእሳትና የሞተር ሳይክል ጓደኝነት የቈየ ነው። ጎትሊብ ዳይምለርና ማይባኽ እ.ኤ.አ. በ1885 የሠሩት የመጀመሪያው የቤንዚን ሞተር ሳይክል የሚቀጣጠለው በጋለ ቱቦ ነበር፤ ቱቦውም ከመቀመጫው ሥር ነበረ። የዳይምለር ልጅ ጳውል ሲነዳው መቀመጫው በእሳት እንደ ተያያዘ ይተረካል። መውደቅ ግን አያሠጋውም ነበር፤ በግራና በቀኝ ሁለት ትንንሽ ደጋፊ መንኰራኵሮች ነበሩትና።

በፈሰሰው ላይ ውኃ ማፍሰስ እንዳይታሰብ። ቤንዚን በውኃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ውኃው ይዞት ይሄዳል። ደረቅ አፈር ወይም አሸዋ መበተን ይሻላል። ቤንዚን የነካው ሱሪም ወዲያው መለወጥ አለበት፤ አጎቴ ግን በዚያው ሱሪ ቡና ሊጠጣ ተቀምጦ ነበርና እናቴ ከነሲኒው አስነሣችው።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። ሞተር ሳይክሉን አንሥተን በመቆሚያው አቆምነው። ጥቂት ጊዜ ተንጠባጠበ፤ ቀጥሎም ቆመ። አጎቴ ጎንበስ ብሎ አየና «አበቃ» አለ። ሌሊቱን በኛ ግቢ ተወው፤ መዝጊያውን ግን አልዘጋውም። በማግሥቱ ማለዳ ሊሄድ የማስነሻውን ፔዳል ቢረግጠው ከመንገዱ ግማሽ ላይ እንደ ድንጋይ ተገትሮ ቀረ። ደግሞ በኀይል ሊረግጥ ሲል፥ ሽታው እንደ ገና ስለ ነበረ እናቴ «ተው» አለችው። እኔና እርሱ እየገፋን ወደ ጋራዥ ወሰድነው።

መካኒኩ ዕድሜው የገፋ ሰው ነው። ነገሩን ከሰሙ በኋላ ምንም ሳይነኩ የዘይቱን መለኪያ አወጡና ወደ አጎቴ አፍንጫ አቀረቡት። ዘይቱ ከምልክቱ በላይ ሞልቶአል፤ እንደ ውኃ ቀጥኖአል፤ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። «መፍሰሱ ቆመ አልኸኝ፤ አልቆመም ልጄ። ወደ ውጭ ሲፈስ የነበረው ወደ ውስጥ ዞረ» አሉት።

እንዲህ ነበረ። በመውደቁ ጊዜ በጋኑ ሥር ለዓመታት የተጠራቀመው ዝቃጭ ተናወጠና ከቤንዚኑ ጋር ወረደ። ከዚያ ውስጥ አንዲት የዝገት ቅንጣት፥ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ፥ በመርፌዋና በቀዳዳው መካከል ተቀረቀረች። ስለዚህ ሞተር ሳይክሉ ከተነሣም በኋላ ቀዳዳው ፈጽሞ አልተደፈነም። ይህ ብቻ ቢሆን ቤንዚኑ በትርፍ መውጫው ቱቦ ወደ መሬት ሲንጠባጠብ እናየው ነበር። ነገር ግን ቱቦው በወደቀ ጊዜ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ጫፉ ተደፍኖ ነበር። መውጫ ያጣው ቤንዚን በገንዳዋ ውስጥ ከፍ አለ፤ ከፍ ብሎም ወደ ሞተሩ መግቢያ ተሻገረ፤ ክፍት በነበረው ቫልቭ በኩል ወደ ሲሊንደሩ ገባ፤ በፒስተኑ ጎንና ጎንም እየሾለከ ወደ ዘይቱ ወረደ። በየሴኮንዱ አንድ ጠብታ ብቻ ቢወርድ፥ የጠብታዋም መጠን ከሚሊ ሊትር 40ኛ እጅ ቢሆን፥ በአንድ ሰዓት 90 ሚሊ ሊትር፥ በዐሥር ሰዓት ወደ አንድ ሊትር ይጠጋል። እኛ ተኝተን ሳለ ይህ ሁሉ ይሠራ ነበር።

ፔዳሉ የተገተረበትም ምክንያት ከዚህ የተነሣ ነው። አየር ሲጫኑት ይጨመቃል፤ ፈሳሽ ግን አይጨመቅም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ በሲሊንደሩ ያለውን ቤንዚን ገጠመውና ቆመ። አጎቴ በእግሩ በመርገጡ ዕድለኛ ነበረ። በባትሪ የሚነሣ ቢሆንና ደጋግሞ ቢጫነው፥ ኀይሉ ቢዬላውን ሊያጣምመው ይችል ነበር፤ ይህም ሲሆን ሞተሩ መፈታት አለበት። መካኒኩ ካንዴላውን ፈትተው ፔዳሉን ቀስ ብለው በእጃቸው ሲጫኑት ቤንዚኑ በካንዴላው ቀዳዳ ፊጭ ብሎ ወጣ። ይህንም ሲያደርጉ ሞተር ሳይክሉን ወደ ደጅ አውጥተው፥ በብየዳ ላይ የነበረውን ልጅ ሥራውን አስቁመውት ነበር። ዘይቱን በሙሉ ደፍተው በአዲስ ለወጡት፤ በቤንዚን የቀጠነ ዘይት ብረትን ከብረት አይለይምና። የካርቡሬተሩን ገንዳ ከፍተው ቅንጣቷን በጣታቸው ላይ አድርገው አሳዩን። እኔ በወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጫታለሁ።

ዝቃጭ ተቀርቅሮ ሲንጠባጠብ ገንዳዋን ከመክፈት በፊት የሚሞከር ቀላል ነገር እንዳለም ነገሩን። መዝጊያውን ዘግቶ የገንዳዋን ጎን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ፤ ከዚያም ከሥሯ ያለችውን ማፍሰሻ ብሎን ጥቂት ፈትቶ አሮጌውን ቤንዚን በዕቃ መቀበልና እንደ ገና መዝጋት። ብዙ ጊዜ ቅንጣቷ ከቤንዚኑ ጋር ትወጣለች።

ሌሎቹን መፍሰሻዎች ባጭሩ ልጥቀስ። ካርቡሬተሩ ከሞተሩ ጋር በጎሚኒ የተያያዘ ስለ ሆነ በመውደቅ ጊዜ ሊላቀቅ ይችላል። ቱቦው ከማሰሪያው ሊንሸራተት ይችላል። የመዝጊያው እጀታ ድንጋይ ከመታው በውስጡ ያለው ማሸጊያ ይሰነጠቃል። ጋኑ ደግሞ በተጐዳበት ሆድ ሳይሆን ሁለቱ ላሜራ በተገጣጠሙበት ስፌት ላይ ነው የሚያፈሰው። ከየት እንደሚፈስ ለማወቅ ግን በዐይን ብቻ ማየት ያስቸግራል፤ ቤንዚን ቶሎ ስለሚተን ምልክቱ ይጠፋል፤ ወይም ከላይ ወጥቶ ከታች ይንጠባጠባል። እኔ ያገኘሁት መላ ከክፍላችን የተወሰደ ነው። የተጠረጠረውን ስፍራ በጨርቅ አድርቆ ነጭ ጠመኔ መቀባት ነው። ጥቂት ደቂቃ ቢቈዩ፥ የሚፈስበት ነጥብ በነጩ ላይ ጠቍሮ ይታያል። በጨለማ ግን ክብሪት ጭሮ መፈለግ የለም፤ ይህን መናገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ቀን አንድ ጎረቤታችን ከኪሱ ክብሪት ሲያወጣ ስላየሁ ነው።

አዳዲሶቹ ሞተር ሳይክሎች ካርቡሬተር የላቸውም። ቤንዚኑ በኤሌክትሪክ ፓምፕ 3 ባር በሚያህል ግፊት ይላካል። ሲወድቁ መጋደማቸውን የሚለይ መሣሪያ ስላላቸው ሞተሩንና ፓምፑን ያቆማል፤ ለማስነሣትም ቍልፉን ዘግቶ እንደ ገና መክፈት ያስፈልጋል። ይህ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን የፕላስቲክ ማገናኛቸው ቢሰነጠቅ ቆመው ሳሉ ምንም አይታይም፤ ቍልፉ ሲከፈትና ፓምፑ ሲሠራ ብቻ እንደ ጉም ይረጫል። ስለዚህ እነርሱን የሚመለከት ሰው ቍልፉን ሌላ ሰው እንዲከፍትለት አድርጎ፥ ራሱ ጎንበስ ብሎ ነገር ግን ፊቱን አርቆ መመልከት አለበት።

ይህን ጽሑፍ ከማቅረቤ በፊት ለአንድ የክፍል ጓደኛዬ አነበብሁለት። እርሱም፥ «የኛ ሞተር ሳይክል ሁልጊዜ በዚያ ትርፍ መውጫ ቱቦ ስለሚያንጠባጥብ ወንድሜ ጫፉን በሽቦ አስሮታል፤ ከዚያ ወዲህ አይፈስም» አለኝ። የዘይቱን መለኪያ አውጥቶ እንዲያሸትተው ነገርሁት። በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ ሽቦው በኪሱ ነበረ።